አዲሱ የላቦራቶሪ ሠራተኛና የኮምፒዩተር መግቢያው

ከመካከላችን ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ፣ አንዳንዶቹም ገና ሳይጨርሱ፣ በምርምር ላቦራቶሪ ረዳት ሆነው ይቀጠራሉ። በመጀመሪያው ቀን ነጭ ጋዋን ይሰጣቸዋል፤ የበሩ ቁልፍ ይሰጣቸዋል፤ አሲድ የፈሰሰ እንደ ሆነ ምን መደረግ እንዳለበት ይነገራቸዋል። ወደ ኮምፒዩተሩ ሲደረስ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንዱ ነባር ሠራተኛ ከመሳቢያው ቁራሽ ወረቀት ያወጣና «ይኸው፣ ሁላችንም የምንገባበት ነው» ይላል። በወረቀቱ ላይ አንድ ስምና አንድ ፓስወርድ ተጽፎበታል፤ ፓስወርዱም ብዙ ጊዜ የላቦራቶሪው ስም ሆኖ በመጨረሻው 123 የተጨመረበት ነው። አዲሱ ሠራተኛ አመስግኖ ሥራውን ይጀምራል።

ይህ ጽሑፍ ያ ቁራሽ ወረቀት ለምን መጥፎ እንደ ሆነና በእርሱ ፈንታ ምን መደረግ እንዳለበት ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ነገሩ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሮችን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው ቢኖር ተሳስቷል። ዛሬ አፈር የሚመረምረው፣ ደም የሚመረምረው፣ ዝናብ የሚለካው ሁሉ የድካሙን ፍሬ የሚያስቀምጠው በኮምፒዩተር ውስጥ ነው። የኮምፒዩተሩንም በር የሚጠብቀው በአብዛኛው የሠለጠነ ባለሙያ ሳይሆን «አንተ ወጣት ነህ፣ ይገባሃል» የተባለው ረዳት ነው። ያ ረዳት ደግሞ ነገ ከእኛ አንዱ ነው። (ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍሁ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ። ሁለቱ አቆጣጠሮች ስለሚያመጡት ጣጣ ከዚህ በታች እጽፋለሁ።)

ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ መግቢያ ይኑረው የሚለው አሳብ የተወለደው ከስለላ ፍርሃት ሳይሆን ከወረፋ ነው። እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ የሚሠራው የአንድ ሰው ሥራ ነበር። ተመራማሪው ጥያቄውን በተበሳ ካርድ አዘጋጅቶ ለኦፕሬተሩ ያስረክባል፤ መልሱን ለማየት ሰዓቶች፣ አንዳንዴም ቀን ይጠብቃል። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ በኖቬምበር 1961 ያሳዩት ሲ.ቲ.ኤስ.ኤስ. የተባለው ሥርዓት ግን አንዱን መኪና ለብዙ ሰዎች በቅጽበት ቅጽበት እያካፈለ፣ እያንዳንዱ ተጠቃሚ መኪናው የእርሱ ብቻ እስኪመስለው ድረስ ያገለግል ጀመር። ብዙ ሰዎች በአንድ ማኅደር ውስጥ ሲያስቀምጡ የማን ጽሑፍ የማን እንደ ሆነ መለየትና እያንዳንዱም የተመደበለትን ሰዓት ቆጥሮ መስጠት ግድ ሆነ። ፓስወርድ ወደ ኮምፒዩተር የገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ፓስወርድ እንደ ገባ ስርቆቱም ተከተለው። በዚያው ተቋም አለን ሼር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ በሳምንት የተመደበለት 4 ሰዓት አልበቃው ስላለ፣ በ1962 የጸደይ ወራት ፓስወርዶቹ ያሉበት ፋይል ታትሞ እንዲወጣለት በተበሳ ካርድ ጠየቀ፤ መኪናውም ያለ አንዳች ጥርጣሬ አትሞ ሰጠው። ይህን ከብዙ ዓመታት በኋላ ራሱ ተናግሮታል። በዚያው ዐሥር ዓመት አጋማሽ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር ደረሰ። ለተጠቃሚው ሁሉ በመግቢያ ላይ የሚታየው የዕለቱ ማስታወቂያና የፓስወርዶቹ ፋይል ቦታ ተለዋወጡና፣ የገባ ሁሉ የሰውን ሁሉ ፓስወርድ በፊቱ ተዘርግቶ አገኘው። ሌባ አልነበረም፤ ሁለት የሥርዓቱ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ሁለት ፋይሎችን ሲያርሙ የተፈጠረ መደባለቅ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣው የመግቢያ አሠራር ሁሉ ከእነዚህ ሁለት አጋጣሚዎች የሚወርድ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ አካውንት ምንድን ነው? በምርምር ቤቶች በብዛት የሚገኘውን ሊኑክስን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ለሊኑክስ ሰው ማለት ቁጥር ነው። ስማችሁ ለእናንተ ምቾት ሲባል የተለጠፈ ነው እንጂ መኪናው የሚያውቃችሁ በቁጥራችሁ ነው። የምትፈጥሩት ፋይል ሁሉ ያ ቁጥር እንደ ማኅተም ይመታበታል። ከቁጥሩ ጋር የራሳችሁ የሆነ ማስቀመጫ፣ የምትገኙበት ቡድን፣ የተፈቀደላችሁና የተከለከላችሁ ነገር ሁሉ ተያይዞ ይገኛል። ስለዚህ ስድስት ሰዎች በአንድ አካውንት ሲገቡ ለመኪናው ስድስቱ አንድ ሰው ናቸው። «ይህን ማን ጻፈ? ያንንስ ማን ሰረዘ?» ብላችሁ ብትጠይቁት የሚመልስላችሁ አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

ይህ ነገር የፍትሕ ጥያቄ ነው የምለው ለዚህ ነው። ስሙን የማላነሣው አንድ ላቦራቶሪ ነበር፤ የሁለት ዝናም ወራት የመስክ ልኬት የያዘ ማኅደር አንድ ሰኞ ጠዋት ባዶ ሆኖ ተገኘ። አምስት ሰዎች በአንድ ፓስወርድ ይገቡ ነበር። ምርመራ ተባለና ሁሉም ተጠየቀ፤ ማንም እንዳልሠራው ማስረዳት አልቻለም፤ ማንም እንደ ሠራውም ሊታወቅ አልቻለም። በመጨረሻ ጣት የተቀሰረው መጨረሻ በተቀጠረችው ልጅ ላይ ነው። ማስረጃ ስለ ተገኘባት አይደለም፤ አዲስ ስለ ሆነች ነው። ውሏ ሳይታደስ ቀረ። የራሷ አካውንት ቢኖራት ኖሮ ሥራው የእርሷ መሆኑ ወይም አለመሆኑ በአምስት ደቂቃ ይታወቅ ነበር። ብዙ ሰው የግል አካውንትን አለቃ ሠራተኛውን የሚቆጣጠርበት መሣሪያ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የታናሹ ሠራተኛ ጠበቃ ነው እላለሁ። ሌላም አለ፤ ሌሊቱን ሙሉ ቁጥር ሲያስገባ ያደረ ረዳት በፕሮፌሰሩ ስም ከገባ፣ መዝገቡ የሚመሰክረው ያደረው ፕሮፌሰሩ እንደ ሆነ ነው። በኋላ በጽሑፉ ላይ የማን ስም ይግባ የሚል ክርክር ሲነሣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አካውንት ይከፈት ከተባለ የመጀመሪያው ችግር ስም ነው። እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ በውጭ አገር የተጻፉት መመሪያዎች ይህን አያውቁልንምና። ቅጹ «የመጀመሪያ ስም»ና «የቤተሰብ ስም» ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የአባት ስም ነው። ከስም የመጀመሪያ ፊደልና ከ«ቤተሰብ ስም» መለያ የሚሠራው ዘዴ እኛ ዘንድ ሲመጣ አልማዝ ከበደንና አበራ ከበደን፣ ፈጽሞ የማይዛመዱትን፣ አንድ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ መኪናው ለሁለተኛው 2 ቁጥር ይጨምርለታል፤ ለአንዱ የተላከው ደብዳቤም ለሌላው ሲደርስ ይኖራል። የሚሻለው የራስን ስምና የአባትን ስም በሙሉ ማያያዝ፣ እርሱም ከተደገመ የአያትን ስም የመጀመሪያ ፊደል መጨመር ነው።

ሁለተኛው ጣጣ የላቲን አጻጻፍ ነው። ፀሐይ የተባለች እኅታችን ስሟ በመታወቂያዋ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቷ ሌላ ዓይነት፣ በዲግሪዋም ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የኮምፒዩተር ክፍሉ አራተኛውን የፈለሰፈላት እንደ ሆነ ላቦራቶሪው ከሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲሠራ የዚያኛው መዝገብ ሰውየዋን ሁለት አድርጎ ይቆጥራታል። አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ፓስፖርት ካለው የፓስፖርቱን፣ ከሌለው የዲግሪውን አጻጻፍ መርጦ «በዚህ ብቻ ጻፉኝ» ይበል። በግዕዝ ፊደል ብንጽፈውስ ከችግሩ አናመልጥም ወይ? ፊደላችን ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ አግኝቷል፤ የፋይል ስም በአማርኛ መስጠት ይቻላል፤ በሊኑክስ እስከ 85 ፊደል ድረስ ይሄዳል፤ የስሙ ወሰን 255 ባይት ሲሆን አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይወስዳልና። ነገር ግን ለኮምፒዩተሩ «ሠናይት»ና «ሰናይት»፣ «ኃይሉ»ና «ሐይሉ»፣ «ዓለሙ»ና «አለሙ» የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ጆሯችን አንድ ያደረገውን ፊደላችን ስለሚለየው፣ ፍለጋ ላይ የሰናይት ልኬት «የለም» ተብሎ ሊቀር ይችላል። ለመግቢያ መለያ የላቲኑን አንድ አጻጻፍ መያዝ፣ በአማርኛ ለሚሰየመው ማኅደር ደግሞ የላቦራቶሪው ሰዎች በፊደሎቹ ላይ አስቀድመው መስማማት አለባቸው።

ወደ ፓስወርዱ እንምጣ። በ1979 ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች ተጠቃሚዎች ራሳቸው የመረጧቸውን 3,289 ፓስወርዶች ሰብስበው መረመሩ። ከእነዚህ 2,831ዱ፣ ማለት ከመቶው 86ቱ፣ ወይ በጣም አጭር ሆነው ወይ ከመዝገበ ቃላትና ከስሞች ዝርዝር ውስጥ ተገኝተው በቀላሉ ተገመቱ። እነዚሁ ሰዎች የገለጹት የማስቀመጫ ዘዴ እስከ ዛሬ በመሠረቱ የሚሠራበት ነው። ይኸውም ኮምፒዩተሩ ፓስወርዱን ራሱን አያስቀምጥም። ስንዴ ተፈጭቶ ዱቄት ከሆነ በኋላ ወደ ፍሬው እንደማይመለስ፣ ፓስወርዱም ተፈጭቶ ዱቄቱ ብቻ ይቀመጣል። ስትገቡ የጻፋችሁት እንደ ገና ይፈጭና ዱቄቱ ከዱቄቱ ጋር ይመሳከራል። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ፓስወርድ ቢመርጡ ዱቄታቸው አንድ ዓይነት ሆኖ እንዳይታወቅ ደግሞ በእያንዳንዱ ላይ የተለየ ነገር ጣል ይደረግበታል፤ ይህንንም «ጨው» ብለውታል።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር እንማራለን። በደንብ በተሠራ ሥርዓት አስተዳዳሪው ራሱ የእናንተን ፓስወርድ አያውቅም፤ ሊያውቅም አያስፈልገውም። ስለዚህ «ለጥገና ነው፣ ፓስወርድህን ላክልኝ» የሚል ሁሉ፣ የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ ነኝ ቢልም፣ መልሱ እምቢ ነው። አካውንት ሲከፈትም አስተዳዳሪው ጊዜያዊ ፓስወርድ ይሰጣል፤ መኪናውም በመጀመሪያው መግቢያ ላይ «ለውጠው» ብሎ እንዲያስገድድ ይደረጋል። ጊዜያዊውን በእጅ መስጠት ነው የሚገባው። በቴሌግራም ቡድን ላይ የተለጠፈ ፓስወርድ በግቢው በር ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ አይለይም።

ምን ዓይነት ፓስወርድ ይመረጥ? በየሦስት ወሩ ለውጡ የሚለው አሮጌ ትእዛዝ ዛሬም በብዙ መሥሪያ ቤቶች ግድግዳ ላይ ይነበባል። ሆኖም የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም (ኒስት) በ2017 ባወጣው መመሪያ ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስለወጥን ትቶታል፤ ተሰርቋል ተብሎ ሲጠረጠር ብቻ ይለወጥ ብሏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በየሦስት ወሩ ለውጥ የተባለ ሰው በቀድሞው ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይቀጥላል። ልዩ ልዩ ምልክት ቀላቅሉ ከማለትም ርዝመት ይሻላል። አራት ወይም አምስት የማይገናኙ ቃላት በዕጣ አውጥቶ መገጣጠም ጥሩ ዘዴ ነው። ምሳሌያዊ አነጋገርና ጥቅስ ግን አይሆንም፤ እናንተ የምታውቁትን ሌላውም ያውቀዋል። በአንድ ቦታ የተጠቀማችሁበትንም በሌላ ቦታ አትድገሙት።

ወደ ሩቅ ሰርቨር ለመግባት ግን ከፓስወርድ የሚሻል ነገር አለ። በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በመስመሩ ላይ የሚተላለፉ ፓስወርዶችን የሚሰልል ሰው ተገኘ፤ በዚያ ጊዜ ፓስወርድ በሽቦው ላይ እንደ ተጻፈ ነበር የሚሄደው። በዚያ የነበረው ታቱ ዩሎነን በዚህ ምክንያት ኤስ.ኤስ.ኤች. የተባለውን ፕሮግራም ጻፈ። ዛሬ ከላቦራቶሪ ወደ ሰርቨር የሚገባው ሁሉ በዚህ መንገድ ይገባል ማለት ይቻላል። አሠራሩ በአንድ ጥንድ ቁልፎች ነው። ይፋው ቁልፍ እንደ ጋጋታ በር ቁልፍ ጉረሮ ነው፤ ለሰርቨሩ አስተዳዳሪ ይላካል፤ ሰው ቢያየው ጉዳት የለውም። ምሥጢሩ ቁልፍ ግን ከሠራተኛው ኮምፒዩተር ፈጽሞ አይወጣም። ስለዚህ ጥንዱን መፍጠር ያለበት አዲሱ ሠራተኛ ራሱ ነው። «እኔ ሠርቼ እልክልሃለሁ» የሚል ደግ አስተዳዳሪ ሳያውቀው የሰውን ምሥጢር በእጁ አስቀረ ማለት ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው በዚህ ነው፤ ይፋውን ላክ ሲባል ምሥጢሩን ይልካል። ይህ ከሆነ ወቀሳ አያስፈልግም፤ ጥንዱን ጥሎ አዲስ መሥራት ነው።

ምሥጢሩ ቁልፍ ራሱ በፓስወርድ መታሰር አለበት። በሜይ 2020 በአውሮፓ በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ታላላቅ የምርምር ኮምፒዩተሮች ተደፈሩ፤ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው አርቸር፣ በጀርመንና በስዊዘርላንድም ያሉ ለቀናት ተዘጉ። ደፋሪዎቹ የገቡት ግድግዳ አፍርሰው ሳይሆን ከተመራማሪዎች በተሰረቀ መግቢያ ነው፤ ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው የተሸጋገሩትም አንዱ ተመራማሪ በሁለቱም ቤት መግቢያ ስለ ነበረው ነው። በዚህም የተነሣ ብዙ ሰዎች ቁልፋቸውን እንደ ገና ለመለወጥ ተገደዱ።

ከቁልፉ ላይ ሁለተኛ ማስረጃ መጨመርም እየተለመደ ነው፤ በስልክ ላይ በየ30 ሴኮንዱ የሚለዋወጥ ባለ ስድስት አኀዝ ቁጥር። በአጭር መልእክት ከሚመጣው ይልቅ በስልኩ ውስጥ ባለ ፕሮግራም የሚሠራውን ምረጡ፤ ኔትዎርክ ቢጠፋም ይሠራል፤ ሲም ካርድ ቢጠፋም ችግር የለውም። ቁጥሩ የሚወጣው ከአንድ ምሥጢርና ከሰዓቱ ስለ ሆነ የስልኩ ሰዓት ትክክል መሆን አለበት። የኢትዮጵያን ሰዓት እንዲያሳየው ብሎ ስልኩን በእጁ 6 ሰዓት ወደ ኋላ የመለሰ ሰው ቁጥሩ ሁሉ «ስሕተት» ይባልበታል፤ ምክንያቱንም ሳያውቀው ቀኑን ሙሉ ሲታገል ይውላል።

ከገባ በኋላ ምን ይፈቀድለት? ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር በ1975 ባሳተሙት ጥናት ላይ ያስቀመጡት ሕግ አጭር ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰውና ፕሮግራም ለሥራው የሚበቃውን ያህል ሥልጣን ብቻ ስጡ። ይህ ባለማመን የተነገረ ቃል አይደለም። ልብ ያለው ሰውም እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ጣቱም ይስታል። በሊኑክስ ላይ ቁጥሩ 0 የሆነው ሩት የሚባለው ተጠቃሚ አይከለከልም፤ ሁሉን አንብብ፣ ሁሉን ሰርዝ የሚለው ትእዛዙ ይፈጸማል። እንግዲህ ማንም በሩት ስም ዕለታዊ ሥራ አይሥራ። አልፎ አልፎ የሚያስፈልገው ሰው ሱዶ በተባለው ዘዴ ለአንዱ ሥራ ብቻ ሥልጣኑን ይዋስ። ይህ ዘዴ በ1980 ገደማ በበፋሎ በኒው ዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ሲሆን፣ ማን መቼ ምን እንዳዘዘ በራሱ ስም ይመዘግባል።

ለቀረው ቡድን ይበቃል። ለእያንዳንዱ የምርምር ሥራ አንድ ቡድንና አንድ የጋራ ማኅደር ይከፈታል፤ አዲሱ ሠራተኛ ወደሚሠራበት ቡድን ብቻ ይገባል። ከመሣሪያው የወጣው ጥሬ ልኬት ለሁሉም ይነበባል እንጂ ማንም እንዲጽፍበት አይፈቀድም፤ ማስላትና ማረም የሚፈልግ ቅጂውን ወስዶ ይሥራ። ያ የሁለት ዝናም ወራት ልኬት በዚህ ዓይነት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ማንም ሊሰርዘው ባልቻለ፤ ልጅቱም ባልተባረረች። የሕሙማን መረጃ ያለበት ላቦራቶሪ ደግሞ ተጨማሪ ግዴታ አለበት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ያልተፈቀደለት ሰው ወደ ኮምፒዩተር መግባቱም በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው።

ቅጂ በሌላ ቦታ ይኑር የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም አያደርገውም። ላፕቶፑና ፍላሹ በአንድ ቦርሳ ውስጥ ያለ ሰው ሁለት ቅጂ አለኝ ማለት አይችልም። ትልቅ ቤት ያለ ሥጋት ነው ብላችሁም አትዘናጉ። በዲሴምበር 2021 በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ታላቁ ኮምፒዩተር ላይ ራሱ የቅጂ ፕሮግራሙ በስሕተት ታርሞ 77 ቴራባይት የሚሆን፣ ወደ 34 ሚሊዮን የሚጠጋ ፋይል ደመሰሰ፤ 14 የምርምር ቡድኖች ተጎዱ፤ የአንዳንዶቹም መልሶ ሊገኝ አልቻለም። ለአዲሱ ሠራተኛ የሚነገረው እንግዲህ «ቅጂ አለ» የሚለው ብቻ አይሁን። የት እንዳለ፣ በስንት ቀኑ እንደሚወሰድ፣ መልሶ ለማውጣትም መቼ እንደ ተሞከረ ይነገረው። ሞክሮ ያላወጣው ቅጂ እንደ ሌለ ይቆጠር።

ስለ ወረፋ ብዙ አልልም። ከባድ ስሌት የሚሠራ ሰርቨር በር ላይ ስለርም ወይም ሌላ ወረፋ አስከባሪ ፕሮግራም ይቆማል፤ ሥራችሁን ስንት ሰዓትና ስንት ማስታወሻ እንደሚፈልግ ጽፋችሁ ታስረክቡታላችሁ፤ ተራው ሲደርስ ይሠራል። በመግቢያው ኮምፒዩተር ላይ ከባድ ስሌት መክፈት በጠባብ በር ላይ ሣጥን አስቀምጦ እንደ መሄድ ነው። መብራትም ስለሚጠፋ፣ ረጅም ስሌት በየጊዜው የደረሰበትን እንዲያስቀምጥ ሆኖ ይጻፍ።

አሁን ወደ ቀን አቆጣጠሩ። አካውንት ሲከፈት የሚዘጋበትም ቀን አብሮ መጻፍ አለበት፤ ቀኑም ከሥራ ውሉ ላይ ይወሰዳል። ውሉ «እስከ ሰኔ 30» ይላል፤ የበጀት ዓመታችን የሚያልቀው በዚያ ቀን ነውና። ጸሐፊው ሰኔን ጁን አድርጎ «ጁን 30» ብሎ ያስገባል። ሰኔ 30 ግን ጁላይ 7 ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ሪፖርቱን በሚያጠናቅቅበት በዚያው በመጨረሻው ሳምንት በሩ ይዘጋበታል። ዓመቱን እንደ ውሉ ያስገባ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ 2018 ዓ.ም. የሚለውን 2018 ብሎ ሲጽፍ አካውንቱ ከመከፈቱ በፊት ከዓመታት አስቀድሞ ያረጀ ይሆናል፤ መኪናውም «ጊዜህ አልፏል» ይለዋል። ጳጉሜን ለሚያህል ወር በቅጹ ላይ ቦታ የለም። መኪናው ራሱ የሚያውቀው አቆጣጠር የእኛም የፈረንጆቹም አይደለም፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ ማለት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ ያለፉትን ሴኮንዶች ነው የሚቆጥረው። በውሉና በቅጹ ላይ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን መጻፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ሰዓትም እንደዚሁ ነው፤ «ሰርቨሩ ነገ በ2 ሰዓት ይዘጋል» የሚል ማስታወቂያ ጠዋት ይሁን ሌሊት፣ በእኛ ይሁን በነሱ ካልተባለ ማስታወቂያ አይደለም።

መዝጋቱ ከመክፈቱ የበለጠ ይዘነጋል። የሄደ ሰው ስለማይከራከር ነው። በ1986 በካሊፎርንያ በሎውረንስ በርክሊ ላቦራቶሪ የሥነ ፈለክ ሊቁ ክሊፎርድ ስቶል በኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ሥራ እንደ ጀመረ የ75 ሳንቲም የሒሳብ ጉድለት መርምር ተባለ። የኮምፒዩተር ሰዓት ለተጠቃሚዎች በገንዘብ ይታሰብ ነበርና፣ ከፋይ የሌለው ጥቂት ሰከንድ ተገኝቶ ነበር። ስቶል ጉዳዩን ወራት ሙሉ ሲከታተለው፣ ከጀርመን አገር የሚገባ ሰው ከላቦራቶሪው ርቆ የሄደ ሠራተኛ ሳይዘጋ የተወውን አካውንት ይጠቀም እንደ ነበር፣ በዚያም በኩል ወደ አሜሪካ ወታደራዊ ኮምፒዩተሮች ይሻገር እንደ ነበር ተረጋገጠ። የሚሰበስበውም ለሶቪየት የስለላ ድርጅት ይሸጥ ነበር። ባለቤቱ የሌለበት አካውንት ለሌባ የተመቸ ነው፤ «ትናንት የገባሁት እኔ አይደለሁም» የሚል ሰው የለበትም። ያን ጊዜ መሯሯጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ይሁን እንጂ መዝጋት መደምሰስ ማለት አይደለም። መግቢያው ይታገዳል፤ ቁልፉ ይነሣል፤ ፋይሎቹ በጋራው ማኅደር ለተተኪው ይተላለፋሉ፤ የሥራው ባለቤት ስምም በመዝገቡ ይቆያል። የሄደውንም ሰው ቁጥር ለአዲስ ሠራተኛ ደግማችሁ አትስጡ። ፋይሉ ላይ የተመታው ማኅተም ስም ሳይሆን ቁጥር ነው ብለናል፤ እንግዲህ አዲሱ ሰው በገባ በመጀመሪያው ቀን የማያውቀውን ሰው ፋይሎች ሁሉ የራሱ ሆነው ያገኛቸዋል፤ ጉድለትም ከተገኘባቸው ተጠያቂ ሆኖ የሚታየው እርሱ ነው።

አለቃው «እኛ እዚህ ሁላችንም በአንድ ነው የምንገባው፤ አንተ ምን ልዩ ነገር አለህ?» ቢልስ? ብዙዎቻችሁ ይህ ይገጥማችኋል። ክርክር አያስፈልግም፤ ደብዳቤ ይበቃል። በደብዳቤው ላይ ስማችሁን እስከ አያት በመረጣችሁት አጻጻፍ፣ የምትሠሩበትን የምርምር ሥራና ማኅደሩን፣ ማንበብ ብቻ ወይስ መጻፍም እንደሚያስፈልጋችሁ፣ ውላችሁ የሚያልቅበትንም ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ «በስሜ አካውንት እንዲከፈትልኝ በማክበር እጠይቃለሁ» በሉ። መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቁጥርና ቀን አስመቱበት፤ ቅጂውን ያዙ። እስኪፈቀድላችሁ ድረስ በጋራው መግባት ግድ ቢሆንባችሁ፣ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት፣ የሠራችሁበትንም ፋይል በደብተር ላይ እየጻፋችሁ ሌላ ሰው በየቀኑ ይፈርምበት።